ፓስካልና የአባቴ መዝገብ

ስለ አንድ የሩቅ አገር ሊቅ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ከሊቁ ልደት መጀመር እንደሚገባው አውቃለሁ። እኔ ግን ከቴፒ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ ፊት ሲሄድ ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ።

አባቴ ከቴፒ ከተማ ወጣ ብሎ በነበረ በአንድ የቡና መግዣ ጣቢያ የመዝገብ ጸሐፊ ነበሩ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቀይ እሸት በሚለቀምበትና ጀንፈል በሚሰጣበት ወራት ገበሬው ቡናውን በጀርባውና በአጋሰስ እያመጣ ከሚዛኑ ፊት ይሰለፋል። ሚዛኑ በኪሎ ያነባል፤ ሰው ግን የሚነጋገረው በፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን የቡና አገር ልጅ ሁሉ ከሀሁ አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህም የአባቴ መዝገብ ሁለት ዓምድ ነበረው፤ በግራ ፈረሱላ፣ በቀኝ ኪሎ። ማታ ማታ የኪሎው ዓምድ ተደምሮ 17 በሞላ ቍጥር አንድ ፈረሱላ ወደ ግራው ዓምድ ይሻገራል፤ የተረፈው ኪሎ በቦታው ይቀራል። ሥራው ሲነገር ይህን ያህል ቀላል ነው። ነገር ግን በየገጹ ሃያ መስመር፣ በየሌሊቱም ብዙ ገጽ፣ በኩራዝ ብርሃን፣ ዝናሙ ቆርቆሮውን እየደበደበ ቍጥሩን ከሰው አፍ ሲነጥቅ መደመር ቀላል አይደለም።

በ1974 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በዚያው ዓመት የአባቴ ዓይን ታመመ፤ ከመሸ በኋላ ሦስትን ከስምንት መለየት አቃታቸው። እኔ በትምህርት ቤት በሒሳብ የምመሰገን ልጅ ስለ ነበርሁ ድመራው ለእኔ ተሰጠ። እኔ እደምራለሁ፤ እርሳቸው ሲነጋ ይፈርማሉ። ይህን ሹመት ያገኘሁበትን ቀን ያህል በኋላ ዲግሪ በተቀበልሁበት ቀን አልኰራሁም።

በኅዳር ወር አንድ ሌሊት የአንዱ ገጽ ኪሎ ተደምሮ 153 መጣ። 153 ለ17 ሲካፈል ያለ ቀሪ 9 ይሆናል። ያለ ቀሪ የሚካፈል ቍጥር ለልጅ ደስ ያሰኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ 9ኙን ከግራው ዓምድ ራስ ላይ ጻፍሁት፤ ከፈረሱላው ጋርም ደመርሁት። ከዚያ የኩራዙ ጋዝ አለቀ። ጋዝ ሞልቼ ስመለስ ያንኑ 9 ከታች እንደ ገና ደመርሁት። ዘጠኝ ፈረሱላ ቡና፣ ከየትም ጫካ ያልተለቀመ፣ ማንም ያልተሸከመው፣ በአባቴ መዝገብ ውስጥ ገባ።

ይህን ያን ጊዜ አላወቅሁም። የማውቀው ወራቱ ሲያልፍ መጋዘኑና መዝገቡ ሲተያዩ ዘጠኝ ፈረሱላ መጕደሉን፣ ጕድለቱም በአባቴ መቈጠሩን፣ ደመወዛቸውም በየወሩ መቀነሱን፣ ጥገታችንም መሸጧን ነው። ሌባ ገብቶ ይሆናል ብዬ አሰብሁ፤ ዘበኛውንም ለብዙ ጊዜ በክፉ ዓይን አየሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ደኅና ሰው ነበር።

አሁን ወደ ሊቁ ልሂድ። የፈረንሳይን ነገር የሚመለከቱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ብሌዝ ፓስካል ጁን 19 ቀን 1623 ክሌርሞን በምትባል ከተማ ተወለደ። ሦስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች። አባቱ ኤቲየን የግብር ጕዳይ በሚታይበት ፍርድ ቤት ባለ ሥልጣን ነበረ፤ ሒሳብም ይወድ ነበር። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት አልሰደደም፤ በ1631 ወደ ፓሪስ ይዟቸው ሄዶ እርሱ ራሱ አስተማራቸው። ብሌዝ አስቀድሞ ቋንቋ እንዲያጠና ስለ ፈለገ የጂኦሜትሪ መጻሕፍትን ሰወረበት። ልጁ ግን በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ወለሉ ላይ በከሰል እየሣለ፣ ለመስመሩም ለክቡም የራሱን ስም እያወጣ፣ የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር ሁለት ቀጥተኛ ማዕዘን መሆኑን ወደ ማሳየት ደረሰ። አባቱ በድንገት ገብቶ ያየው በዚህ ላይ ነው፤ አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ወዳጁ ቤት ሄዶ አለቀሰ ይባላል። ይህን የጻፈችው እኅቱ ዢልቤርት ናት። እኅት ስለ ወንድሟ ስትጽፍ ጥቂት ታበዛ ይሆናል፤ እኔ ግን የአባትየውን ዝምታ አምነዋለሁ።

በ1639 ኤቲየን ግብር እንዲያስተካክል ወደ ሩዋን ተሾመ። የግብር ሒሳብ ማለት ሌሊቱን ሙሉ መደመር ማለት ነው። ይልቁንም የፈረንሳይ ገንዘብ እንደ ዛሬው በዐሥር በዐሥር የሚያድግ አልነበረም፤ 12 ዴኒዬ አንድ ሶል፣ 20 ሶል ደግሞ አንድ ሊቭር ይሆናል። ልጁ የአባቱን ድካም አይቶ በ1642፣ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው፣ የሚደምር መኪና ለመሥራት ተነሣ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሃምሳ ያህል ሙከራ ሠራ፤ አንዳንዱ የእንጨት፣ አንዳንዱ የዝሆን ጥርስ፣ አንዳንዱ የነሐስ ነበረ። በ1645 የተሳካለትን ለሕዝብ አሳየ። ከእነዚያ መኪኖች ጥቂቶቹ ዛሬም በቤተ መዘክር ይገኛሉ።

የመኪናው ምሥጢር መደመሩ አይደለም። መንኰራኵር ስታዞር መደመርህ ነው፤ ይህን ማንም ይሠራዋል። ጭንቁ መሻገሩ ነው። የአንዱ ቤት 9 ሞልቶ ወደ ዜሮ ሲመለስ የቀጣዩ ቤት መንኰራኵር አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መራመድ አለበት። ፓስካል ለዚህ አንድ ትንሽ ክብደት አበጀ፤ መንኰራኵሩ ሲዞር ክብደቱን ቀስ እያለ ያነሣዋል፤ ከዘጠኝ ወደ ዜሮ ሲያልፍ ይለቀዋል፤ ክብደቱም ሲወድቅ ቀጣዩን መንኰራኵር በአንድ ጥርስ ይገፋዋል። ለገንዘብ የሚሆነው መኪና ከዐሥሮቹ መንኰራኵሮች ጋር ባለ 12 እና ባለ 20 መንኰራኵር ነበረው። የእኛ ጣቢያ ቢሆን ኖሮ ባለ 17 ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብሁት አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው ብዬ አለፍሁት። ሁለተኛ ጊዜ ያነበብሁት አባቴ ካረፉ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ግን መጽሐፉን መጨረስ አልቻልሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ ተዝካር በወጣ ማግሥት ለቀስተኛው ተበትኖ እናቴና እኔ ብቻችንን ቡና እየጠጣን ሳለን፣ ያቺ ጥገት እንዴት ያለች የወተት እናት ነበረች ብዬ አነሣሁ። እናቴ ስኒውን አስቀመጠችና፣ «አባትህ እኮ ነገሩን ያወቁት ሌባ ፍለጋ ሳይጀመር ነው» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኋት።

«ዘጠኙን። አሻሽለው ሲያዩት ሁለት ጊዜ ተደምሮ አገኙት። የእጅህ ጽሕፈት ነው።»

ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኋት። ለአለቆቻቸው ቢናገሩ የመንግሥት መዝገብ በሕፃን እጅ መጻፉን ማመን ነበረባቸው፤ ይህም ከዘጠኝ ፈረሱላ የበለጠ ያስከፍላል። ይህ ይገባኛል። ለእኔስ ለምን አልነገሩኝም አልኋት።

«እኔም ይነገረው ብዬ ነበር» አለች። «እርሳቸው ግን፣ ልጁ ቍጥር ይወዳል፤ ይህን ከሰማ ይፈራዋል፤ ተዪው አሉኝ። ተውሁት።»

ከዚያ በፊት ለሃያ ዓመት ያህል ሒሳብ አስተምሬ ነበር።

ፓስካል ከመኪናው በኋላ ወደ አየር ነገር ሄደ። አየር ክብደት አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር በዚያ ዘመን የሊቃውንት ጦርነት ነበረ። አየር ክብደት ካለው፣ አለ ፓስካል፣ ወደ ተራራ በወጣን መጠን ከበላያችን ያለው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያለው ባዜቃ ዝቅ ማለት አለበት። እርሱ በሽተኛ ስለ ነበረ የእኅቱን ባል ፍሎራን ፔሪዬን ለመነው። ፔሪዬም ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 አንዱን ቱቦ በከተማው ገዳም ግቢ ውስጥ ለአንድ መነኵሴ ጠባቂነት ትቶ፣ ሌላውን ይዞ ፑይ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ ወጣ። ከጫፉ ላይ ባዜቃው ከታችኛው በስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። መነኵሴው ጋ የቀረው ቱቦ ቀኑን ሙሉ አልተንቀሳቀሰም።

የዚያ ተራራ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 1,465 ሜትር ነው። ሚዛን ተፈሪም ከ1,400 ሜትር በላይ ናት። እንግዲህ እነዚያ ሊቃውንት ላብ አጥምቋቸው የወጡበት ከፍታ በእኛ አገር ሴቶች ኮረሪማና ጥምዝ ዘርግተው የሚሸጡበት የገበያ ሜዳ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ ይሥቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አይረሱትም። አንዲት ተማሪ ይህን ከሰማች በኋላ ዘመድ ጠይቃ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ውኃ ጠጥታ ባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ እዚያው አጥብቃ ከድና ያዘችው። አውቶቡሱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ጠርሙሱ በእጇ ላይ ተጨማደደ፤ ወደ ጅማ ሲወጣ መልሶ ተነፋ። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ አማተቡ አለችን። የፔሪዬን ቱቦ የሚያህል ምስክር በዐሥራ አምስት ብር ጠርሙስ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ዛሬ የግፊት መለኪያ በዓለም ሁሉ ፓስካል ተብሎ በስሙ ይጠራል።

በ1654 ደግሞ ፓስካል በቱሉዝ ከሚኖረው ከዳኛው ከፒየር ደ ፌርማ ጋር ደብዳቤ ተጻጻፈ። የደብዳቤው ነገር ቁማር ነው፤ ከዚያ ግን የዕድል ስሌት የሚባለው ትምህርት ተወለደ፤ ዛሬ የኢንሹራንስም የሕክምና ምርምርም በእርሱ ላይ ይቆማል። ጥያቄውን እኔ በክፍሌ በዘውድና ጎፈር አቀርበዋለሁ። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 32 ብር አስይዘው ሳንቲም ይወረውራሉ፤ አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ 64ቱን ብር ይወስዳል። አንዱ ሁለት፣ ሌላው አንድ ጊዜ አሸንፎ ሳለ ዝናም መጣና ጨዋታው ተቋረጠ። ብሩ እንዴት ይከፈል?

ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ «ሁለት እጁ ለመጀመሪያው፣ አንድ እጁ ለሁለተኛው» ይላሉ። ፓስካል ግን ያለፈውን አይቈጥርም፤ የሚመጣውን እንጂ። መጀመሪያው ሰው የሚቀጥለውን ቢያሸንፍ 64 ይወስዳል፤ ቢሸነፍ ሁለት ለሁለት ይሆኑና 32 ይደርሰዋል። እንግዲህ 32ቱ ብር በማናቸውም መንገድ የእርሱ ነው። በቀረው 32 ላይ ዕድላቸው እኩል ስለ ሆነ 16 ይጨመርለታል። 48 ለመጀመሪያው፣ 16 ለሁለተኛው። አንድ የቤንች ልጅ ይህን ሰምቶ፣ «መምህር፣ ታዲያ እስካሁን ያሸነፈው ከንቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከንቱ አይደለም፤ አሁን ወዳለበት ያደረሰው እርሱ ነው አልሁት። መልሴ ለልጁ በቃው፤ ለእኔ ግን አልበቃኝም።

በዚያው ዓመት፣ ኖቬምበር 23 ቀን ሌሊት፣ ከአራት ሰዓት ተኩል አንሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አልፎ፣ ፓስካል አንድ ነገር ደረሰበት። ምን እንደ ሆነ ለማንም አልተናገረም። በብራና ላይ ጥቂት መስመር ጻፈ፤ የሚያምነው አምላክ የቀደሙት አባቶች አምላክ እንጂ የፈላስፎች አምላክ አለመሆኑን፣ ደስታንና እንባን የሚናገር ጽሑፍ ነው። ብራናውን በልብሱ ገበር ውስጥ ሰፋው፤ ልብስ በለወጠ ቍጥር ፈትቶ ወደ አዲሱ ይሰፋው ነበር። ሰው ያወቀው ከሞተ በኋላ አሽከሩ ልብሱን ሲዳስስ አንድ ጠንካራ ነገር ስላገኘ ነው።

ይህን በሚዛን ለሚኖሩ ጎረቤቴ ለሆኑት መሪጌታ አጫወትኋቸው። መሪጌታ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው፤ እኔ በወረቀት የምሠራውን በጣታቸው አንጓ ይጨርሱታል።

«ክታብ ነዋ!» አሉ።

«አይደለም፣ መሪጌታ። ክታብ ክፉ ነገር እንዳይደርስ ነው የሚያዝ። ይህ ግን የደረሰው ነገር እንዳይረሳው ነው።»

ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንዲያ ከሆነስ ደኅና ሰው ነው» አሉ።

የበለጠ ያስደሰታቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ፓስካል ከ1656 ጀምሮ ስሙን ደብቆ ዐሥራ ስምንት ደብዳቤ በማሳተም የኢየሱሳውያንን የኑዛዜ ሕግ አላላልና ንግግር አጥቅቷል። ኢየሱሳውያን በእኛም አገር ምን እንዳደረጉ የሚያውቅ ያውቃል፤ ዐፄ ሱስንዮስ እምነታቸውን ተቀብለው አገር በደም ከታጠበ በኋላ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። «እኛ ቀደምነዋ!» አሉ መሪጌታ ጕልበታቸውን መትተው። ሰውዬው ግን እስከ ሞቱ ካቶሊክ ነበረ ብዬ ባስጠነቅቃቸውም ደስታቸው አልቀነሰም።

በዚያው በሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ በዋሻ ውስጥ ዳዊቱን ይዞ ሁለት ዓመት ተቀመጠ የሚባል አንድ ሰው አለ፤ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። በ1592 ዓ.ም. እንደ እኛ አቈጣጠር ተወልዶ፣ ኋላም በእንፍራዝ የሀብቱን ልጆች እያስተማረ፣ በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ጥያቄ ሐተታውን ጻፈ ይላል መጽሐፉ። ሁለቱ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም መዝሙረ ዳዊትን አብዝተው ይወዱ ነበር፤ መንገዳቸው ግን ይለያያል። ዘርዓ ያዕቆብ ሃይማኖቶች ሲጣሉ አይቶ ልቡናውን ዳኛ አደረገ። ፓስካል በልቡና እስከ መጨረሻው ደርሶ ከዚያ ወዲያ ሌላ ዳኛ ፈለገ። ሐተታውን የጻፈው በእርግጥ ዘርዓ ያዕቆብ ነው ወይስ ጽሑፉን በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ያወጣው ኢጣልያዊው መነኵሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚለው ክርክር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ከጀመረው ወዲህ አላለቀም፤ ክሎድ ሰምነር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ለዘርዓ ያዕቆብ ብዙ ተሟግተዋል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝና ፍርዱን ለብራና ሊቃውንት እተወዋለሁ።

ከመሪጌታ ጋር የተጣላነው በውርርዱ ላይ ነው። ፓስካል ካለፈ በኋላ በ1670 ሐሳቦቹ ተሰብስበው ሲታተሙ ከሁሉ ይልቅ ሰውን ያከራከረው ይኸው ነው። እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም በሚለው ሰው ሳይፈልግ እንኳ እየተወራረደ ነው ይላል፤ የሚያስይዘው ጥቂት፣ አለ ብሎ ቢያሸንፍ የሚያገኘው ፍጻሜ የሌለው፤ እንግዲህ አለ በሚለው ላይ ማስያዝ ይገባል።

መሪጌታ ተቈጡ። «ሃይማኖት የነጋዴ ሚዛን ነው እንዴ? አንተ እናትህን የምትወዳት ትርፍና ኪሳራውን አስልተህ ነው?»

ፓስካል የጻፈው ለቁማርተኛ ወዳጆቹ መሆኑን፣ በሚገባቸው ቋንቋ መናገሩን፣ ራሱ ግን ያመነው በስሌት ሳይሆን በዚያች ሌሊት መሆኑን ነገርኋቸው። አልተቀበሉኝም። እኔም ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው የአባቴ ነገር መጣብኝ። አባቴ በአንድ ወገን 153 ኪሎ ቡና፣ ደመወዝና ጥገት ነበራቸው፤ ይህ እርግጠኛ ኪሳራ ነው። በሌላው ወገን አንድ ልጅ ምናልባት ቍጥር እንደ ወደደ ይቀር ይሆናል የሚል ነገር አለ፤ ይህ እርግጠኛ አይደለም። ይህን በፓስካል ቀመር ብሠራው የሚወጣልኝን አላውቅም፤ ዋጋውን የት እንደምጽፍም አላውቅም። አስልተውት ይሆን? ወይስ ዝም ብለው ነው? እናቴንም ጠይቄአት አታውቅም፤ አሁን ደግሞ የለችም።

መሪጌታ በማግሥቱ ቍጣቸው በርዶ መጡ። የ2018 ዓ.ም. አጽዋማትን እያወጡ ነበርና እንዳይ አሉኝ። ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ 132፤ በ30 ሲገደፍ አራት ሠላሳ ወድቆ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ተባዝቶ 228፤ ሰባት ሠላሳ ወድቆ 18 ይቀራል፤ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሆኑ ሠሪው ተሳስቷል። የአባቴ መዝገብ እንዲህ ያለ መፈተኛ ቢኖረው ብዬ ተመኘሁ። ስለ ፓስካል መኪና ስነግራቸው ጥቂት አስበው፣ «እኛ የሞላውን እንጥላለን፤ እርሱ የሞላውን ያሻግራል» አሉ። ለአንድ ወር ያህል ሳስተምር ይህን እየደጋገምሁ ነበር።

ስለ ፓስካል መጨረሻ ባጭሩ ልናገር። አባቱ በ1651 ሞተ፤ ታናሽ እኅቱ ዣክሊን ፖር ሮያል በተባለው ገዳም መነኰሰች፤ በ1661 እርሷም አረፈች። እርሱ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሕመም ተለይቶት አያውቅም። በ1662 በፓሪስ መንገድ ላይ ሰው በአምስት ሶል የሚሳፈርበት፣ በተወሰነ መንገድና ሰዓት የሚሄድ ሠረገላ እንዲጀመር አደረገ፤ የዛሬው የከተማ አውቶቡስ አያት ይህ ነው። በዚያው ዓመት በቤቱ ያስጠጋው የድኻ ቤተ ሰብ ልጅ ፈንጣጣ ያዘው። ልጁ ከሚወጣ እኔ ልውጣ ብሎ ታሞ ሳለ የገዛ ቤቱን ለቆ ወደ ዢልቤርት ቤት ሄደ፤ እዚያው ኦገስት 19 ቀን አረፈ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስለ እርሱ ከተጻፈው ሁሉ፣ ከመኪናውም ከባዜቃውም ይልቅ፣ እኔ ይህችን ነገር አስበልጣለሁ፤ የሒሳብ መምህር ሆኜ ይህን ማለቴ ያስወቅሰኝ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር የፓስካልን መኪና በካርቶን ለመሥራት ተነሣን። ባለ ዐሥሩን መንኰራኵር ልጆቹ በሦስት ቀን ጨረሱት። እኔ ግን ባለ 17 ይሠራልኝ ብዬ ለመንኋቸው፤ ኪሎ በቀኝ፣ ፈረሱላ በግራ። ወላጆቻቸው ቡና ለቃሚና ሰብሳቢ የሆኑት ተማሪዎች ወዲያው ገባቸው። ክቡን ለዐሥራ ሰባት እኩል መክፈል ብዙ ወረቀት ፈጀ። የመሻገሪያውን ጥርስ ያበጀችው ያቺ ጠርሙስ ይዛ የመጣችው ልጅ ናት።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሞከርነው። ዝናሙ ከውጭ ቆርቆሮውን ይመታል። ልጅቱ የኪሎውን መንኰራኵር ቀስ እያደረገች እስከ 16 አዞረችው፤ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። አንድ ጨመረች። ጥርሱ ያዘ፤ ከዚያ አዳለጠውና እንደ ገና ያዘ፤ ለአንድ ፈረሱላ ፈንታ ሁለት ተሻገረ።

«መምህር፣ ሁለት ጊዜ ቈጠረ!» ብላ ደንግጣ አየችኝ።

ሣቅሁ። ልጆቹ ለምን እንደምሥቅ አላወቁም፤ ደግሞም በቶሎ ማቆም አልቻልሁም። ከዚያ ካርቶኑን ተቀብያት ጥርሱን አየሁት፤ ሰፍቶ ተቈርጧል። መቀሱን አቀበልኋትና ከጥርሱ ላይ ጥቂት እንድታነሣ ነገርኋት።